ሳማ ለእንግዳ አይቀርብም

ልጅ ሆኜ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ከቦታው የሚነሳው ምንቸቱ ነበር። ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሲሰማ አያቴ ምድጃው ላይ የተጣደውን ምንቸት ብድግ ታደርግና ጓዳ ታስገባዋለች። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ትወጣና «ይግቡ፣ ይግቡ» ትላለች። ለእንግዳው የተቀቀለ ድንች ይቀርባል፣ ካለም ጠላ ይቀዳል። ምንቸቱ ግን እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ከጓዳ አይወጣም። እኛ ልጆቹም ስለሱ ትንፍሽ አንልም።

ምንቸቱ ውስጥ የነበረው ሳማ ነው። ያ የሚለበልበው ሳማ።

ያደግሁት ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ከድጓ ጽዮን ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። አገሩ ብርዳም ነው፤ ገብስና ድንች ነው የሚበቅለው። ነሐሴ ላይ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው ያልቃል፣ ማሳ ላይ ያለው ደግሞ ገና እሸት እንኳ አልሆነም። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ ወተትም ቅቤም አይነካም። ልክ በዚህ ጊዜ ሳማው በበረቱ ዙሪያና በአጥሩ ጥግ ለጋ ቅጠሉን አውጥቶ ይጠብቃል። አያቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ጫፍ ጫፉን ትቀነጥሳለች፣ አጥባ አሽታ ትቀቅለዋለች፣ ከዚያ እስኪልም ድረስ በማማሰያ ትመታዋለች። የባቄላ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ካለ ይገባበታል፣ ከዚያ ጨው። ይኸው ነው። እሳት ሲነካው መለብለቡ ይጠፋል፤ አፍ ላይ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙ ግን ከጎመን የከበደ ነው። እኔ በጣም እወደው ነበር።

ግን ጎረቤት ካየ «የእነ እገሌ ቤት ሳማ ገባ» ይባላል። ሳማ መብላት ማለት ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከተማ ቤት ተከራይተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ስንቅ እያመጣን ነበር የምንማረው። አንድ ቀን የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሳማ ሲያወሩ «እኔ ቀምሼው አላውቅም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ዝም ብዬ ራሴ ነኝ የተናገርኩት።

ይህን ሁሉ የማወራው በአንድ ነገር ምክንያት ነው። ከአራት ዓመት በፊት አያቴ ታማ ባሕር ዳር እኔ ቤት አመጣናት። ምግብ አልበላ አላት። አንድ ቀን ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «እምዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ትንሽ ሳማ ብታገኝልኝ» አለችኝ። «እዚህ ከተማ ሳማ የት ይገኛል ብለሽ ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከአገር ቤት በየቀኑ አውቶቡስ ይመጣል፤ አንድ ስልክ ብደውል በማግስቱ ይደርስ ነበር። አልደወልኩም። የዶሮ ሾርባ አሠራሁላት። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ መለሰችው። ሐኪሞቹም ፕሮቲን ያስፈልጋታል ብለው ስለነበር ትክክለኛውን ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ያን ክረምት አላለፈችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ረስቼው ነበር፤ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ የድምፅ መልእክት እስኪልክልኝ ድረስ። እሱ የሚኖረው ሰሜን ካናዳ ውስጥ፣ የሎውናይፍ የምትባል ከተማ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ዴኔ ይባላል። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ሒሳብ ከከፈለችው በኋላ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችው። «ቋንጣ ነው እኮ!» ይላል በድምፁ ውስጥ ደስታው እየተሰማ። «ካሪቡ የሚሉት የዱር አጋዘን ሥጋ ነው። በርበሬ የለው፣ ጨው የለው፣ በስሱ ተዘልዝሎ በጭስ የደረቀ። ሽታው የእናቴን ቤት አስታወሰኝ»። ዐቢይ ጾም ስለነበር ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ለፋሲካ ነው የበላው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሴትዮዋ ስትሰጠው ምን አለች አልኩት። «ኮራ ብላ፣ ይሄ የእኛ ምግብ ነው አለችኝ» አለ።

ኮራ ብላ። አያቴ ምንቸቱን ስትደብቅ ትዝ አለኝና ሌሊቱን ሙሉ ስለእነዚህ ሰዎች ምግብ ሳነብ አደርኩ። ከዚያም ብዙ ሌሊቶች። ዓመቶቹን ከዚህ በታች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከዴኔዎችም በላይ ወደ ሰሜን፣ ዛፍ በማይበቅልበት አገር የሚኖሩት ኢኑይት ናቸው። እርሻ የለም፤ መሬቱ አብዛኛውን ዓመት በረዶ ነው። የሚበሉት ካሪቡ፣ ዓሣ፣ ዓሣ ነባሪና አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው፤ በኦሪት «የአቆስጣ ቁርበት» ሲባል የምንሰማውን ቃል ማለቴ ነው። ከመሬቱና ከባሕሩ የሚያገኙትን ምግብ በጠቅላላ «የአገር ምግብ» ይሉታል፤ ከሱቅ የሚገዛው ደግሞ «የሱቅ ምግብ» ነው። እኛ «የዱር» የምንለውን እነሱ «የአገር» ነው የሚሉት። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ።

ብዙ ሥጋቸውን የሚበሉት በጥሬው ነው። ውጭ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «ኤስኪሞ» እያሉ ሲጠሯቸው ኖረዋል። የቃሉን ሥር የሚያጠኑ ሰዎች ሌላ ትርጉም ቢሰጡትም በስፋት የተወራው «ጥሬ ሥጋ በሊታ» ማለት ነው ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እንደ ስድብ ያዩታል። እስቲ አስቡት፤ ቁርጥ ፊታችን ቀርቦ፣ አዋዜ ይዘን፣ ጮማውን እየመረጥን የምንበላ ሰዎች ነን። እኛ ዘንድ የሠርግና የበዓል ክብር የሆነው ነገር ለእነሱ መሰደቢያ ሆነ።

ጥሬ መብላታቸው ደግሞ ምክንያት አለው። ፍራፍሬና አትክልት በሌለበት አገር ቫይታሚን ሲ ከየት ይመጣል? ማክታክ ከሚባለው፣ ከነስቡ ከሚበላው የዓሣ ነባሪ ቆዳ ይመጣል፤ ከጥሬ ጉበትም ይመጣል። ይህ ቫይታሚን በእሳት ስለሚጠፋ ሥጋው ተቀቅሎ ቢበላ ኖሮ ብዙው ይባክን ነበር። የአውሮፓ መርከበኞች በዚያው ባሕር ላይ ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ በስኮርቡት ሲያልቁ የአገሩ ሰው ጤነኛ ነበር። በ1928 ሰሜኑን የሚያውቅ አንድ አሳሽ ከጓደኛው ጋር ኒውዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል ክትትል ሥር አንድ ዓመት ሙሉ ሥጋ ብቻ በልተው ስኮርቡት እንዳልያዛቸው ታይቷል። የኢኑይት አያቶች ይህን ለማወቅ ሆስፒታል አላስፈለጋቸውም። ካሪቡ ሲታረድ ጨጓራው ውስጥ በግማሽ የተፈጨውን፣ በመሬትና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን፣ ሽበት የመሰለውን ላይከን የሚባል ነገርም ይበሉታል፤ እንዲያው ጥሬውን ቢሞክሩት የሰው ሆድ አይፈጨውም፣ እንስሳው ግን ግማሹን ሥራ ጨርሶላቸዋል። እኔ ይህ ጥበብ ነው የምለው።

ሥጋ ብቻ ነው ብዬ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። በአጭሯ በጋቸው ሴቶችና ልጆች ዕቃ ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ የሚለቅሙት ወርቃማ ቀለም ያለው ትንሽ ፍሬ ነው፣ ኢኑይት አክፒክ ይሉታል። ይህ ፍሬ የእኛ እንጆሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሱፐርማርኬት ያለው ስትሮቤሪ ሳይሆን በአጥርና በወንዝ ዳር ያለው፣ እሾሃሙ የዱር እንጆሪ ማለቴ ነው። ሳይንሱ ሁለቱን አንድ ወገን ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው። የሎውናይፍ ዙሪያ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀይ ፍሬ ያላት የዱር ጽጌረዳ አለች፤ ፍሬዋን ይበላሉ፣ በሻይም ያፈሉታል። የእሷ ዘመድ ጮቄ ላይ ከብት ስንጠብቅ ከእሾኳ ጋር እየታገልን የምንበላት ቀጋ ናት። ሦስተኛውን ስታነቡ እንደ እኔ ትስቃላችሁ፤ ሳማ። አላስካም፣ በሰሜን አውሮፓ የአጋዘን አርቢዎቹ የሳሚዎች አገርም ሳማ አለ፣ በጸደይ ለጋውን ቀንጥሰው ይቀቅሉታል። የእነሱ ሳማና የእኛ ሳማ ወንድማማቾች ናቸው። የእኛው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል ነው፤ በብረትና በካልሲየምም የበለጸገ ነው። ሐኪሞቹ ለአያቴ የፈለጉላት አንዳንዱ ነገር ምንቸቷ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እነሱም ግን እንዲህ ኮርተው የኖሩት ዝም ብሎ አይደለም። ይህን ሳላነብ ቢሆን ደስ ባለኝ። በካናዳ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝብ ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ቋንቋቸው ተከለከለ። ምግባቸውም የፈረንጅ ሆነ፤ ያውም የማይበቃ። ከ1948 እስከ 1952 ባለው ጊዜ በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች የተራቡ ልጆች ላይ፣ ወላጆቻቸው ሳይጠየቁ፣ የምግብ ሙከራ ተደርጓል። ልጁ ዓመታት ቆይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የእናቱን ቋንቋ አያውቅም፣ የእናቱ ምግብም ይከረፋዋል። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። እኔን ማንም አስገድዶ አልወሰደኝም፤ በገዛ እግሬ ከተማ ገብቼ በገዛ አፌ «ቀምሼው አላውቅም» አልኩ። ሁለቱ እኩል አይደሉም፣ እኩል ናቸው ብዬ ልናገርም አልችልም። ግን ሐፍረት የሚገባበት በር አንድ ዓይነት መሰለኝ።

ዛሬ በኑናቩት፣ በ1999 የኢኑይት ሕዝብ ባገኘው ግዛት፣ 25 መንደሮች አሉ፤ አንዳቸውንም ከደቡቡ ካናዳ ጋር የሚያገናኝ መኪና መንገድ የለም። የሱቁ ምግብ በአውሮፕላን ወይም በበጋ በመርከብ ነው የሚገባው፣ ዋጋው አይቀመስም። አድኖ ያመጣ ሰው ሥጋውን ለዘመድና ለጎረቤት ያካፍላል። በሱቅ ምግብ ብቻ መኖር የጀመረው ሰው ዘንድ ደግሞ ጣፋጭ መጠጡና ብስኩቱ ስኳር በሽታና የጥርስ መበስበስ ይዞ መጥቷል።

ከሁሉም ያስቆጨኝ ግን መርዙ ነው። በ1980ዎቹ ኩቤክ በምትባለው የካናዳ ግዛት ሰሜን ውስጥ የኢኑይት እናቶች የጡት ወተት ሲመረመር ፒሲቢ የሚባለው የፋብሪካ ኬሚካል በደቡብ ካሉት እናቶች አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ፋብሪካ የለም። ኬሚካሉ ከሩቅ አገር በነፋስና በውኃ ወደ ቅዝቃዜው ይሄዳል፣ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ ዓሣ፣ ከትልቁ ወደ አቆስጣና ዓሣ ነባሪ ስብ እየተጠራቀመ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚበላው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ሌላው ባመጣው ጣጣ እናት ልጇን ማጥባት ፈራች። ሆኖም ባለሙያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ተዉት ብለው አይደለም፤ የትኛውን ዓሣ፣ የትኛውን የሰውነት ክፍል፣ ነፍሰ ጡር ምን ትቀንስ እያሉ ነው፤ ምክንያቱም ያን ምግብ ትቶ ወደ ሱቁ መሄድ የባሰ ጉዳት አለው። እነሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሺላ ዋት ክሉቲየር የምትባል ኢኑይት ሴት ከሌሎች ጋር ሆና የዓለም መንግሥታት ፊት ቆማ ተከራክራለች፤ እነዚህን ኬሚካሎች የሚከለክለው የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ተፈረመ። ስለ ምግባቸው ነው የተከራከሩት። ስለ ምንቸታቸው በሉት።

ካሪቡውም እየጠፋ ነው። የሎውናይፍ ሰዎች ያድኑት የነበረው ባትረስት የሚባለው መንጋ በ1986 ወደ 470,000 ገደማ ይገመት ነበር፤ በ2018 ወደ 8,200 ወረደ። ያቺ አሮጊት ለታክሲ ሹፌር የሰጠችው ቋንጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ገባኝ።

አላስካ ውስጥ ኮትዘቡ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ለአዛውንቶቹ የልጅነታቸውን ምግብ፣ ካሪቡውን፣ ዓሣውን፣ የሜዳውን ፍሬ ያቀርባል። በፊት የመንግሥት የምግብ ደንብ ይህን ያከብደው ነበር፤ በ2014 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ግን በዕርዳታ የተሰጠ የአደንና የዱር ምግብ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል እንዲቀርብ መንገድ ከፈተ። አሮጌ ሰው ሲታመም የሚፈልገውን ምግብ እንዲያገኝ አንድ አገር ሕግ አወጣ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወጣሁ። የዶሮ ሾርባው ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

አንድ ሌላ ነገርም ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ስለ ሩቅ ሕዝብ እንዲህ እያዘንኩ፣ እኔ የምኖርባት ባሕር ዳር ጣና ዳር ላይ ነገደ ወይጦ አሉ። ከሐይቁ የኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ድሮ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከሐይቁ የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው፤ የራሳቸው የነበረው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ከእነሱ ጋር የማይበላ፣ የጠጡበትን ዕቃ የማይነካ፣ የማያገባቸው እኛው ነን። ልጅ ሆኜ ይህን የነገሩኝ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። ሰውን በሚበላው ነገር መናቅ እኛም ዘንድ አለ። የአያቴ ምንቸትም የሚደበቀው በዚሁ ዳኝነት ፍራቻ ነው። ይህን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ረሃብን ማሳመር አልፈልግም። አያቴ ሳማ የቀቀለችው ባህል ልትጠብቅ ብላ አይደለም፣ ልጆች ስለነበሯት ነው። ጎተራ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታበስል ነበር። ግን የቸገረው ሰው የሚበላው ሁሉ ርካሽ ነገር ነው ማለት ትክክል አይደለም። የትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ወር፣ የቱ ድረስ ተቀቅሎ፤ ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ያወቀውም ይኸው የተራበ ሰው ነው።

ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ አገር ቤት ሄድኩ። አክስቴ ጋ፤ የየሎውናይፉ ልጅ እናት። ሳማ አብስይልኝ ስላት ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ ቸገረህ እንዴ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሥራ እንዳልለቀቅሁ ምዬ ተገዝቼ ነው ያመነችኝ። ደግሞ «ልጄ ዶላር እየላከልኝ ሳማ ስቀቅል ብታይ ሰው ምን ይላል?» አለች። የልጇን የድምፅ መልእክት ከስልኬ አሰማኋት። ስለ ቋንጣው የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ፤ ምግቡን ሳይሆን የልጇን ድምፅ መሰለኝ የፈለገችው። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አደገደገች።

ለካ እጅ በጨርቅ መጠቅለል አያስፈልግም። አክስቴ ጫፏን ከሥር ወደ ላይ ይዛ ነው የምትቀነጥሰው፣ አይለበልባትም። እኔን ግን ለበለበኝ፤ እስከ ማታ እጄን ሳክ ዋልኩ። ስትቀነጥስ ስልኬን ከፍቼ ቀዳኋት። አንዱን እያሳየችኝ ሌላውን ትጠራለች፤ አጋም፣ ኮሽም፣ ሾላ፣ ቀጋ፣ እሸ፣ ዶቅማ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ እንኮይ። «ዶቅማው ያኔ ወንዙ ዳር ሁሉ ነበር» አለችኝ። አሁን ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ነው። ዶቅማ የቀረው የደብሩ ቅጽር ውስጥ ነው፤ እሱም ቄሱ ስለማያስነኩት።

ወጡን በገብስ እንጀራ በላነው። ከአያቴ ወጥ ትንሽ ይቀጥናል፤ አክስቴ ዱቄቱን ትሰስታለች። ቀረጻው 34 ደቂቃ ነው። ሦስት ጊዜ ሰምቼ የ17 ተክል ስም ጽፌአለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ባየው የማውቀው ዘጠኙን ብቻ ነው። ከደጋ ዳሞት፣ ከሰከላ፣ ከሞጣ በኩል ያላችሁ፣ እናቶቻችሁ በክረምት የሚቀቅሉትን ቅጠል ስም ጻፉልኝ፤ የት እንደሚበቅልና እንዴት እንደሚበስል ጭምር። በሚቀጥለው ነሐሴ ከአክስቴ ጋር እየዞርን እንፈልጋለን።